ይድረስ ለሚዜዬ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ሳቅክ አይደል? ልጆች ሆነን ለሰፈር እናቶች በስሙኒ ደብዳቤ ስንጽፍ ሁሌም በዚህ ነበር የምንጀምረው። እነሱ እያለቀሱ ሌላ ሌላውን ይነግሩናል፤ እኛ "ደህና ነኝ" ብለን እንጽፋለን። እነሱም አይቃወሙንም ነበር።

ሁለት ዓመት ጠፋሁብህ። ደውለህ አላነሳሁም። በቴሌግራም የላክኸውን ድምፅ ሰምቼ ዝም አልኩ። ለገናና ለፋሲካ ሻማ ያለበት ምስል ልኬ ተገላገልኩ። ቂም ይዞ ነው ብለህ እንደሆነ አይደለም። አንተን አፍሬ ነው። ወሬው ሲያትል ድረስ እንደደረሰህ አውቃለሁ፤ ግን ከኔ አፍ መስማት ነበረብህ። ተፋታን። ሰኔ 2016።

ላንተ መንገር ለምን እንደከበደኝ ታውቃለህ? ሚዜ ስለሆንክ ብቻ አይደለም። ፈርመሃላ! ሕጉ ከሙሽራው ሁለት፣ ከሙሽራዋ ሁለት እማኝ ይላል፤ ከኔ በኩል አንደኛው አንተ ነበርክ። እስክሪብቶህ አልጽፍ ብሎ የሷን ሚዜ እስክሪብቶ ተውሰህ፣ ሳትመልስላት ኪስህ ከተትከው። ለመጋባት አራት ሰው አስፈለገን፤ ለመፋታት ማንም አልተጠራም። ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡ ቀን መጀመሪያ የጠየቁኝ "ሚዜው የታለ?" ብለው ነው። አሜሪካ ነው አልኩ። "አሜሪካ ስልክ የለም?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ማን ምን አደረገ አልልህም። ሌላ ሰው የለም፣ ዱላ የለም፣ መጠጥም እንደምታውቀው ነው። ሽማግሌዎቹም የተቸገሩት በዚህ ነው፤ የሚያስታርቁት ጠብ አጡ። እኔ ከሥራ እመጣለሁ፣ ቴሌቪዥን። እሷ ስልኳን። "የልጅቷን ምሳ ዕቃ አጥበኸዋል?" "አዎ።" በቃ፣ ወሬያችን ይኸው ነበር። አንድ ማታ "ደክሞኛል" አለችኝ። "እኔም" አልኳት። ከሥራ መስሎኝ ነበር እኮ።

በስምምነት ነው የተፋታነው። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ዳኛው ከሦስት ወር ያልበለጠ ማሰቢያ ጊዜ መስጠት ይችላሉ፤ ሰጡን። እነዚያ ሦስት ወራት አሁንም ይገርሙኛል። በትዳራችን ዘመን እንደዚያ ተከባብረን አናውቅም። "ሻይ ላፍላልህ?" ትለኛለች። "ኧረ አትድከሚ" እላታለሁ። እንግዳ ያረፈበት ቤት ይመስል ነበር። ልጅቷ የታረቅን መስሏት ደስ አላት። እሱ ነው የቆጨኝ።

ንብረት ለመካፈል ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ሶፋው ለሷ፣ ቁምሳጥኑ ለኔ፣ ፍሪጁ ከልጅቷ ጋር። ያስቸገረን ቦንዱ ነው። ጥር 2003 ተጋባን፣ መጋቢት 24 የግድቡ መሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነበርንና የአንድ ወር ደመወዛችን በዓመት ተቆርጦ ቦንድ ገዛን። አንዱ በኔ ስም፣ አንዱ በሷ። ጊዜው ከሞላ ቆይቷል፤ ሄደን ብሩን አልወሰድንም። የየራሳችንን ብንይዝ ባለቀ። ግን ሁለቱ ወረቀቶች ከሰማንያው ጋር በአንድ ላስቲክ ታስረው ነው የኖሩት። ላስቲኩን መፍታት ማንም አልፈለገም። በኋላ ለልጅቷ ይሁን ተባለ። ባለፈው ጳጉሜ 4 ግድቡ ሲመረቅ ደወለችልኝ። "አባዬ፣ ግድቤ ተመረቀ!" ትለኛለች። ከኋላ የእናቷ ሳቅ ይሰማኛል። የኔም ሳቅ መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ትንሽ ቁጭ አልኩ።

አሁን ያለሁት ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ጉልበቴ ድሮ የማያውቀውን ደረጃ አሁን ይቆጥረዋል። ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ እንደሌለ ሰምተሃል። በ2016 መጋቢት አካባቢ ነው የፈረሰው፤ የኔ ነገር ፍርድ ቤት በነበረበት ሰሞን። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ቤታችሁ ፈረሰ አሉ?" ይለኛል። የእናቴን ቤት ይሁን ትዳሬን አላውቅም። "አዎ" እላለሁ፤ ለሁለቱም ይሆናል። "አይዞህ፣ ምትክ ይሰጣሉ" ያለኝ ሰው አለ። እስካሁን የቱን ማለቱ እንደነበር አልገባኝም።

የሰፈሩ ሰው ዳር ዳሩን ተበተነ። በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ። ብትመጣ መንገዱን አታውቀውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። መብራት አለ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ከአድዋ መታሰቢያው እስከ አራት ኪሎ ከልጄ ጋር ማታ በእግር እንሄዳለን፤ ያኔ በጨለማ ድንጋይ እየዘለልን ነበር የምንሄደው። ይህን ስል የሚቆጣኝ አለ። እናቴ ሃምሳ ዓመት ቡና ያጣጣቻቸው ጎረቤቶቿ ዛሬ የት እንዳሉ እንደማታውቅ ስናገር ደግሞ ሌላው ይቆጣኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰማኝ ሰው ነው ያጣሁት። አንተ ትሰማኝ ነበር።

ፖለቲካ ጠየቅከኝ፣ በዚያ ድምፅህ። ኳስ ቤት ስለ ፖለቲካ ማውራት ቀርቷል። አንዱ ሊጀምር ሲል ሌላው "ኳሱን እንይበት" ይላል፤ ሁሉም ወደ ስክሪኑ ይዞራል። ኑሮውን ግን ማንም አይፈራውም፣ ያወራዋል። ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አልፎ ሄዶ ቀረ። አንተ ሳትሠራ ሀብታም ሆንክ ማለት ነው። የቤት አከራዬ ዶላር አይተው አያውቁም፤ ኪራዩን ሲጨምሩ ግን "ዶላሩን እያየህ" ይሉኛል።

ዘንድሮ ደግሞ ምርጫ አለ። ያለፈውን አስታወሰኝ፣ የሰኔ 14 ቀን 2013ን። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ አብረን ተሰለፍን። እሷ ዱካና ቆሎ ይዛ መጣች፤ አንዴ እሷ ትቀመጣለች፣ አንዴ እኔ። ስንወጣ "ማንን መረጥሽ?" አልኳት። "ድምፅ ምስጢር ነው" ብላ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለም አሳየችኝ። ያኔ ቤታችን ውስጥ ዜና በመጣ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጥ ስለነበር ከኔ ተቃራኒ ናት ብዬ ደመደምኩ። እሷም እኔን እንደዚያው። እንዳንጣላ ብለን ዜና ሲጀምር ቻናል መቀየር ለመድን። በማሰቢያው ሦስት ወር አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ነገሩን አነሳሁት። ለካ ሁለታችንም የመረጥነው አንድ ምልክት ነው! ተያየን። ሦስት ዓመት ሙሉ በባዶ ሜዳ ስንጠነቃቀቅ። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

ዛሬ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ከእሑድ ጋር ገጥሞ ግቢው አያስቆምም ነበር። አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት "የዛሬ 95 ዓመት፣ በዚህችው ቀን፣ ጃንሆይ የነገሡት እዚህ ነው" አሉኝ። እውነት ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923። እኔ ነጠላዬን ነበር የማየው። ነጭ የነበረው ቢጫ ሆኗል። ለካ ነጭ ነጠላ በራሱ ነጭ ሆኖ አይኖርም።

ከተፋታሁ በኋላ ስድስት ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፤ ከአጥር ውጭ ተሳልሜ አልፋለሁ። ፈጣሪን ሳይሆን እትዬዎቹን ፈርቼ ነው። "ባለቤትህስ እንደምን ናት?" ይሉኛላ። አንድ ቀን ተያዝኩ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት" አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ደህና ናት። ከዚያ ወዲህ በዚህችው መልስ እየኖርኩ ነው። የንስሐ አባቴ ግን ዝም ብለው አላለፉኝም። "በቁርባን ባትጋቡም ቃል ቃል ነው" አሉኝ። ሰማንያ እኮ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ተውኩት፤ ሲጨንቀኝ ለራሴም የምነግረው ያንኑ ነውና። ስግደት ሰጡኝ። ያልጠበቅኩት፣ ሲወጡ በር ላይ ቆመው "እንጀራ ከየት ነው የምትበላው?" ብለው ጠየቁኝ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

እንጀራ ከጉልት ነው። ሽሮ ራሴ እሠራለሁ፤ መጀመሪያ ይጓጉልብኝ ነበር፣ አሁን ልጄ "ከእማዬ ይበልጣል" ትላለች፤ ይህን እዚያ ቤት እንዳታወሪ ብያታለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሳልሰብር እጾማለሁ። በሥጋው ዋጋ የተነሣ ሰኞና ማክሰኞም ጾመኛ ነኝ፤ የቱ ለነፍሴ፣ የቱ ለኪሴ እንደሆነ እሱ ይለየው።

ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ጋር ናት። አሥራ ሁለት ሞላት። እና አንድ መጥፎ ዜና አለኝ፤ ቡና ናት። አዎ፣ የኔ ልጅ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሣች፣ ቡናማ ማልያ ለብሳ ቤቴ ትመጣለች። አያቷ ናቸው ያበላሿት። ታስታውሳለህ፣ ቡና የሊጉን ዋንጫ ያነሣው በተጋባንበት ዓመት ነው፤ በ2003። አማቴ "ሙሽራው ገደኛ ነው" እያሉ በየመሸታው ሲያዞሩኝ ከረሙ፤ እኔ ፈረሰኛው፣ የጊዮርጊስ ደጋፊው፣ አንገቴን ደፍቼ። ከዚያ ወዲህ ቡና አልደገመውም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ይህን ሁሉ አስልታ መጣችና "አባዬ፣ አንተ ስላገባህ በላን፤ ስለዚህ..." ብላ አቋረጠችው። ዓይኗን አየሁት። እያላገጠች ይሁን እየጠየቀች አላወቅኩም። "ጊዮርጊስ ከ1928 ጀምሮ ያለ ክለብ ነው፤ እናንተ ትናንት የመጣችሁ ናችሁ" ብዬ ወደ ጠብ ወሰድኩት። ለጠብ ደግሞ አትሰንፍም።

ሊጉ እንደሆነ የፋይናንስ ዘርፍ ሆኗል። በ2016 ንግድ ባንክ ወሰደው፣ በ2017 መድን። ቀጥሎ ብድርና ቁጠባ ይመጣል እያልን እንስቃለን። ስታዲየሙ ለእድሳት ከተዘጋ ዓመታት ተቆጠሩ፤ ዋልያዎቹም "የሜዳቸውን" ጨዋታ ሰው አገር ሄደው ሲጫወቱ ከረሙ። አባቴ ይህን ባለማየቱ ተመስገን። በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍነው እዚያ ሜዳ ላይ መሆኑን ሳይናገር እራት አይበላም ነበር። አርሴናልን አትጠይቀኝ። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ደጋፊ ስለ ትዳር ምክር ቢለምኑት ይሰጣል፤ ስለ ዋንጫ ግን አይናገርም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ስለ ድሮ ፒያሳ፣ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር። አልበሙ እናቷ ጋ ነው፤ ብታገላብጠው ግን የምትፈልገው እዚያ የለም። ያቺ አንተ ካሜራ ላይ ያለችው ናት። የሠርጉ ቀን፣ ከመኪናው ወርደን መንገዱ ዳር የቆምነው። እሷ ቬሎዋን በእጇ ሰብስባ፣ እኔ ክራባቴ ዞሮ፣ አንተ በግራ በኩል ዓይንህን ጨፍነህ። ከኋላችን ያ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሙሉ ይታያል፤ ሱቁም፣ በሩ ላይ የተቀመጠው ሊስትሮም። ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ልጄ ፎቶ አለ ስላት "እናንተን ቆርጬ ቤቱን ብቻ ላስቀር?" ብላ ጠየቀችኝ። እንዳለ ይሁን አልኳት።

ሳትቀንሳት፣ በትልቁ ላካት። ስልኬ ያው ነው። ብትደውል አነሳለሁ።