ስለ ሰርኑ ማሽን ልጆቻችንን አታስፈራሩብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ መጣች። ሰነፍ ልጅ አይደለችም። ምን ሆነሽ ነው ስላት አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ ክረምት የምንደርስ አይመስለኝም» አለችኝ። ቲክቶክ ላይ ያየችው ቪዲዮ ነው። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ስበቱ ከመበርታቱ የተነሳ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ነገር፣ ሠርቶ ምድርን ሊያስውጣት ነው ይላል። ለእናቷ አሳየቻት። እናትየው ሌሊቱን ዱአ ስታደርግ አደረች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልጅ እንቅልፍ ያጣችበት ነገር አያስቅም።

ይህን የምጽፈው በሁለት ወገን ስለተናደድኩ ነው። ወሬውን ከስልክ ለቅመው፣ አንድ ባለሙያ እንኳ ሳይጠይቁ፣ በትልቅ ርዕስ የሚያስተላልፉ መገናኛ ብዙኃን አሉ። የፈራውን ሰው ደግሞ «ያልተማረ» እያሉ የሚያፌዙ፣ የተማርን ነን ባዮች አሉ። ሁለቱም ለልጅቷ አልጠቀሟትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅንጣቶችን እያጋጨ የሚያጠናው የሰርን ማሽን ያለው በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ ጄኔቫ አጠገብ ነው። ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ጠልቆ የሚዞር የ27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ነው። ከደሴ ተነስተን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እስክንገባ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። ፕሮቶኖች፣ ማለትም በአቶም እምብርት ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች፣ ይህን ዙር በሴኮንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞሩትና ፊት ለፊት ይላተማሉ። የአንዱ ግጭት ጉልበት ሲሰላ ግን ዐሥራ ምናምን ትንኞች ሲበሩ ያላቸውን ያህል ነው። ልዩነቱ፣ ያ ሁሉ ጉልበት ከአቶም እጅግ ባነሰች ቦታ ላይ መታጨቁ ነው። ጥቁር ጉድጓድ ሲባል ለእኛ ለደሴ ሰዎች አዝዋ ገደል ነው የሚታየን። እንዲህ ያለ ነገር ከግጭቱ ቢፈጠር እንኳ ክብደቱ ከ15 ሺህ ገደማ ፕሮቶኖች አይበልጥም።

ከዚህ የበረታ ግጭት ደግሞ ከጦሳ ተራራ በላይ ሲካሄድ ነው የኖረው። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ አየራችንን ይመታሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ፣ ዩታ ላይ የተመዘገበው አንድ ቅንጣት ብቻውን፣ በማሽኑ ውስጥ ከሚዞር አንድ ፕሮቶን በዐሥር ሚሊዮኖች እጥፍ የበለጠ ጉልበት ነበረው። ምድር ይህን 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ስትቀበል ኖራለች። አልተዋጠችም።

ልጅቷን «እጅሽን ዘርጊ» አልኳት። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ዘረጋች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ ቁጥር በግምት አንድ ሙዮን፣ ማለትም ሰማይ ላይ ከተደረገ ግጭት የተወለደ ቅንጣት፣ መዳፏን አልፎ፣ ዴስኩን አልፎ፣ ወለሉ ውስጥ ይገባል። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከኮምቦልቻ ትንሽ ይበዛልናል። እጇን ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ከዚያ መልሳ መዳፏን አየች። ሳቅ ያለው ክፍልም ጸጥ ብሎ የየራሱን እጅ ያይ ጀመር።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ ከሰማይ በመጣ ቅንጣት ግጭት የሚፈጠረው ጥቁር ጉድጓድ እኮ ፈጣን ነው፤ ምድርን በስቶ ይሄዳል። በማሽን የተሠራው ግን ቀስ ብሎ እዚሁ ቢቀርስ?» አለኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ፊዚክሰኞቹም ራሳቸው አንስተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መልሱን ጽፈው አውጥተዋል። የኒውትሮን ኮከብና ነጭ ድንክ የሚባሉ ኮከቦች አሉ። እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ጥቁር ጉድጓድ ገብቶባቸው በፍጥነቱ ሊያመልጥ አይችልም። አደገኛ ቢሆን ኖሮ እነሱን ድሮ በበላቸው ነበር። እኛ ግን ዛሬም በቴሌስኮፕ እናያቸዋለን።

ማሽኑ መጀመሪያ የተነሳው ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ያኔም ዓለም አለቀላት ተብሎ ነበር። ሃዋይ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ይታገድልን ያሉ ነበሩ። በማግስቱ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው በየደጃችን መጡ።

አደጋ የሚባል ነገር የለውም አልልም። እንደተነሳ በዘጠኝ ቀኑ የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ ተበላሽቶ ማግኔቶቹን የሚያቀዘቅዝ፣ ቶኖች የሚመዝን ሂሊየም ፈሰሰ። ግዙፍ ማግኔቶች ከቦታቸው ተነቀሉ። ማሽኑ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። ሰው አልተጎዳም፤ ሲሠራ ዋሻው ውስጥ ሰው አይገባምና። አደጋው ለማሽኑ እና አጠገቡ ለሚቆም ሰው ነው። ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ደብቀን ብናሳምናቸው አንድ ቀን ሌላ ሰው ይነግራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ እኛን የሚያምን አይኖርም።

ሌላው የሚያሳዝነኝ የመሬት መንቀጥቀጡ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ላይ መሬቱ ሲናወጥ፣ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲወጣ፣ «ማሽኑ ነው» የሚል ወሬ ሚኒባስ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኛ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የምንኖር ሰዎች ነን። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ስትናወጥ፣ ማጀቴ ስትፈርስ፣ ይህ ማሽን በሐሳብም አልነበረም። ጥፋቱን ጄኔቫ ላይ ስንለጥፍ ለራሳችን ቤት አሠራር የሚጨነቅ ይጠፋል።

ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ከማተማችሁ በፊት ስልክ አንሱ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉት። የአንድ ሰው ማብራሪያ ከዜናው ጎን ሁለት አንቀጽ ቢይዝ ይበቃል።

ተማሪዎቼ ስለ ሰርን 17 ጥያቄ በደብተር ቅዳጅ ጽፈዋል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። አራቱን እኔም አልመለስኩላቸውም። መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ካገኛችሁ አትሙልን፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

አንድ የፊዚክስ አስተማሪ
ከደሴ