«ፍሬት ተስተካክሏል» ተብሎ ሳይነካ የተመለሰ ባለ ሰባት ክር ጊታር

ቀን፦ የካቲት 2017 ዓ.ም.
ለ፦ የድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣ አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የጊታሩን ነገር ታውቁታላችሁ። የደረሰኙ ቅጂ እናንተ ጋ አለ። ፎቶውንም ቪዲዮውንም በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ፤ ሁለቱም ራይት መጥቷል። ስለዚህ ከሀ ጀምሬ አላደክማችሁም። ባጭሩ፦ ከእናንተ የገዛሁት ጊታር 14ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች አንዱ፣ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ስለቆመ ክሩ ይነካዋል፣ ይጮኻል፣ ይታፈናል፤ አስተካክሉልኝ ብዬ ልኬላችሁ ነበር። የምጽፈው ስለ ሰማያዊው ቀለም ነው።

ጊታሩን ወደ እናንተ ልልክ ስል ሠራተኛችሁ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ያስቸገረህ የቱ ፍሬት እንደሆነ ምልክት አድርግበት፣ ባለሙያችን ፍለጋ እንዳይለፋ።» እሺ አልኩ። 14ኛውን ፍሬት በሰማያዊ ማርከር አናቱን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። «ባለሙያው ሞርዶ፣ አስተካክሎ፣ ወልውሎ ይመልስልሃል። ቃሌ ነው» አለኝ። ቃሌ ነው ያለው እሱ ነው፤ እኔ ቃል ስጠኝ አላልኩም።

ጊታሩ በላምበረት በኩል በአውቶቡስ ተጭኖ ተመለሰ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተቀብዬ እዚያው ቦርሳውን ከፈትኩት። አንገቱ ጀርባ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። «ፍሬት ተስተካክሏል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። ገልበጥ አድርጌ 14ኛውን ፍሬት አየሁት። ሰማያዊው ቀለም እንዳለ ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደቀባሁት። ጫፉ ላይ እጄ ተንቀጥቅጦ ወደ እንጨቱ ያፈሰስኳት ነጥብ እንኳ አልጠፋችም።

ባለሙያ አላችሁና ነገሩን ብትጠይቁት ያስረዳችኋል። ፍሬት ሲስተካከል መጀመሪያ አንገቱ ቀጥ ይደረጋል። ከዚያ የፍሬቶቹ አናት በማርከር ይቀባል። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ቀጥ ያለ ብረት ከላይ ይሄድበታል። ከፍ ያለው ቀድሞ ቀለሙን ያጣል፣ ዝቅ ያለው ቀለሙ ይቀራል። ሁሉም እኩል ሲሆን አናቱ ጠፍጣፋ ስለሚሆን በሞረድ መልሶ ክብ ይደረጋል፣ ከዚያ ይወለወላል። እንግዲህ ከሁሉም ከፍ ብሎ የቆመ ፍሬት ተስተካክሎ ቀለሙ የሚተርፍበት መንገድ የለም። አንድም አልነካችሁትም፣ አንድም ጊታሩን ከቦርሳው ሳታወጡ ወረቀት ለጥፋችኋል።

ይቅርታ፣ አውጥታችሁታል። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብሪጅ ከፍ አድርጋችሁታልና። ስልከው ሰባተኛው ክር 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር ከፍታው። ሲመለስ 3 ሚሊ ተኩል ሆኗል። ክሩ ከፍሬቱ ሲርቅ እየነካው የሚያሰማው ጩኸት ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ይህ ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ አልጋውን ወደ ጥግ እንደ መሳብ ነው። አሁን ክሩን ለመጫን ጣቴ ይዝላል። በዚያ ላይ ሩቅ ወርዶ ስለሚጫን ክሩ ይወጠርና ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ቅኝቱ ትክክል ሆኖ እያለ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ የተበላሸ ይመስላል። 14ኛው ፍሬት ግን አሁንም እዚያው ቆሟል። ሁለተኛውን ክር 13ኛው ላይ ይዤ፣ ማለትም ሲ (C) ላይ፣ ክሩን ወደ ጎን ገፍቼ ወደ ዲ (D) ስስበው ድምፁ እልም ይላል። ይታፈናል። ትዝታን ከሲ ለሚጫወት ሰው ይህ ማለት ምን እንደሆነ ሙዚቃ መሣሪያ ለሚሸጥ ድርጅት መንገር የለብኝም።

ደወልኩ። ያው ቃሌ ነው ያለው ልጅ አነሳው። ንግግሩን እንዳለ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ፍሬቱ አልተነካም እኮ» አልኩት።

«ተሠርቷል። ወረቀቱን አላየህም?»

«ወረቀቱን አይቻለሁ። ቀለሙንም አይቻለሁ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የት ነው ያለኸው?» አለኝ። የላከልኝ እሱ ሆኖ የት እንዳለሁ ይጠይቀኛል።

«ደብረ ብርሃን።»

«ኧረ ተወኝ! ብርዱ ነዋ ታዲያ። ጊታሩን ብርድ ልብስ አልብሰው፤ እናንተ ጋ እንደሆነ ብርድ ልብስ ሞልቷል።»

ከኋላው ሲስቁ ይሰማኛል። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር ማለት ነው። እኔም ነገሩን ላለማክረር «ቀልዱን ትተን፣ ማን ነው ወረቀቱ ላይ የፈረመው?» አልኩ። «ለመሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ ሰባት ክር ምን ያደርግልሃል? ስድስቱን መቼ ጨረስከው?» ብሎ ዘጋው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሙድ ያዘብኝ። መልሼ ስደውል አላነሳም።

ለጥያቄው እዚህ ልመልስለት፣ አድርሱልኝ። ባንዳችን ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው የለውም። ሰባተኛው ክር ከስድስተኛው ክር ከተለመደው ኢ (E) ወርዶ ቢ (B) ላይ ስለሚቃኝ የጎደለውን ታች በሱ እሞላለሁ። ለዚህ ነው የገዛሁት። ባትጠይቁም ነግሬያችኋለሁ።

ስለ ብርዱ ደግሞ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ነው። በጋ ሲሆን ውርጭ አለ፣ አየሩም ይደርቃል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፍሬቱ ግን ብረት ነውና ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ ከአንገቱ ጎን ብቅ ይላል። ኅዳር ላይ ከላይ ወደ ታች እጄን ሳንሸራትት አውራ ጣቴ ሥር ጫረኝ፣ ደማሁም። ይህን አየሩ አመጣው ብትሉ አልከራከርም። በደንብ የደረቀ እንጨት ላይ ቢተከል ኖሮ ይህን ያህል ባልወጣ ነበር፤ እሱም ቢሆን በትንሽ ሞረድ የሚያልቅ ሥራ ነው። እናንተ ግን ሁለቱን ነገር እያደባለቃችሁ ነው። ጫፍ መውጣት ሌላ፣ ከፍታ ሌላ። 14ኛው ፍሬት ነሐሴ ላይ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ ከፍ ያለ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ወርደን ስንጫወትም ያው ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ብርድ ልብስ የሚፈልግ ጊታር ካለ አሳዩኝ።

ለማረጋገጥ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርጌ ቆረጥኩ። ቀጥ ያለውን ጠርዝ 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ላይ አጋደምኩት። መሃሉ ላይ ይወዛወዛል። ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስቱ እኩል ቢሆኑ አይንቀሳቀስም። ቪዲዮው ላይ ይሰማል፣ ራይት መጥቷል ብያችኋለሁ።

ቀደም ሲል ሌላዋ ሠራተኛችሁ፣ በትሕትና ነው የመለሰችልኝ፣ «ሰባት ክር ገና አዲስ ነገር ስለሆነ ፋብሪካዎቹ እየለመዱት ነው» ብላኝ ነበር። እህቴ፣ የጃፓኑ ጊታር አምራች ኢባኔዝ ከጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ቫይ ጋር የሠራውን «ዩኒቨርስ» የተባለ ባለ ሰባት ክር ጊታር ለገበያ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። አንቺም እኔም ምናልባት አልተወለድንም። ባለ ሰባት ክር አንገቱ ሰፊ፣ ፍሬቱም ረጅም ስለሆነ እኩል ለማድረግ ይበልጥ ያስቸግራል፣ እስማማለሁ። ወፍራሙ ክርም ሲርገበገብ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። በርካሽ በጅምላ ሲመረት መጀመሪያ የሚዘለለው ደግሞ ይኸው የእጅ ሥራ ነው። ዋጋው ዝቅ ቢል ይገባኛል። እናንተ ግን ስትሸጡልኝ «ፋብሪካ ላይ ተፈትሾ የመጣ» ብላችሁ ነው።

ክራር ተጫዋቹ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ «እኔ ፍሬት የለኝም፣ ጣጣም የለኝም» ብሎ ሳቀብኝ። ዘንድሮ ሁሉም ይስቅብኛል።

ካነሳሁት አይቀር ሌሎቹንም ልበል። ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆኖ ሳለ ደረሰኙ ላይ «አኮስቲክ ጊታር» ተብሎ ነው የተጻፈው። የቦርሳው ዚፕ በመጀመሪያው ሳምንት ተበጠሰ፤ «ቦርሳው ስጦታ ነው፣ ዋስትና የለውም» አላችሁኝ። ፍሬቶቹ ስላልተወለወሉ ክር ስስብ ይቧጭራሉ፤ «ስትጫወትበት ይለሰልሳል» አላችሁኝ። ዛሬም ይቧጭራል። የመላኪያውንም የመመለሻውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ እኔ ጥርን የተጫወትኩት በተዋስኩት ጊታር ነው።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ሌላ ጊታር ስጡኝ፤ ከመረከቤ በፊት ግን ሱቃችሁ መጥቼ ፍሬቱን አንድ በአንድ በካርዴ እለካዋለሁ። ይህ ካልሆነላችሁ ገንዘቤን መልሱ። «እንደገና ላከው» የሚል መልስ አልቀበልም። ያ ወረቀት ላይ የፈረመው ሰው ማን እንደሆነና ምን አስተካክያለሁ ብሎ እንደፈረመ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። የትራንስፖርቱም ወጪ ይመለስልኝ። ስልክ ያነሳው ልጅ ደግሞ ይቅርታ ይበለኝ፤ እሱም በላውድ።

እስካሁን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችሁኛል። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች በትሕትናና በክብር የመስተናገድ፣ ከነጋዴ ስድብና ማጉላላትም የመጠበቅ መብት አለው። እስከዚህ ወር መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ ጊታሩን፣ ወረቀቱንና ሰማያዊውን ቀለም ይዤ ወደሚመለከተው አካል እሄዳለሁ። ቀለሙን አልጠረግኩትም። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስም አልጠርገውም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ደብረ ብርሃን

ማሳሰቢያ፦ ጊታሩ ሲሄድ የቦርሳው ኪስ ውስጥ የትረስ ሮዱ፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ብረት፣ መፍቻ ነበር። ሲመለስ የለም። እባካችሁ እሱንም ላኩልኝ።