የታሪክ ክበብ፦ ማክሬዎችና የኢሊን ዶናን ግንብ

የክበባችን አባላት ዘንድሮ የመረጡት ርዕስ ራቅ ያለ ነው፦ በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ሦስት የባሕር ወሽመጦች በሚገናኙበት ትንሽ ደሴት ላይ የቆመው የኢሊን ዶናን ግንብ። ምርጫው የተማሪዎቹ ነበር፤ እኔም ከልብ ደግፌዋለሁ። የግንቡ ማማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ባልያዘን ነበር። የያዘን የባለቤቶቹና የጠባቂዎቹ ታሪክ ነው።

ግንቡ የተመሠረተው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኋላ በአካባቢው ያለው የኪንቴይል ምድር ጌቶች የሆኑት የማኬንዚ ጎሳ ሰዎች ያዙት። ርስቱ የእነሱ ይሁን እንጂ ጠላት ሲመጣ ቅጥሩ ላይ የሚገኙት የማክሬ ጎሳ ሰዎች ነበሩ። «የማኬንዚ ጥሩር» (የብረት የጦር ልብስ) የተባሉትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1539 የማክዶናልድ ጎሳ አለቃ ዶናልድ ጎርም ከስካይ ደሴት በጀልባ መጥቶ ግንቡን ከበበ። ጎሳው እንደሚተርከው ደንከን ማክሬ የቀረችውን አንዲት ፍላጻ ለቆ እግሩን ወጋው፤ ዶናልድም በንዴት ሲነቅላት ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይህን በሚኒ ሚዲያ ሲያቀርቡ ሰልፉ በሙሉ ጸጥ ብሎ አዳምጧል።

እ.ኤ.አ. በ1719 ከዙፋን የተወገደው የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤተሰብ ደጋፊዎች አመፁ፤ ግንቡንም ሊረዷቸው የመጡ የስፔን ወታደሮች ይጠብቁት ነበር። በግንቦት ወር ሦስት የእንግሊዝ መንግሥት የጦር መርከቦች በመድፍ ደበደቡት። ከተያዘ በኋላ እዚያው በተገኘው 343 በርሜል ባሩድ አፈረሱት። 200 ዓመት ገደማም ፍርስራሽ ሆኖ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1911 ደሴቱን የገዛው ሌተና ኮሎኔል ጆን ማክሬ-ጊልስትራፕ ነው። ግንቡን መልሶ የማቆሙ ሥራ 20 ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1932 ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ፎቶው ላይ የምናየው ድልድይም ያን ጊዜ የተሠራ ነው። የጠባቂዎቹ ዘር ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። አንዱ ቡድን «ፍርስራሹ እንዳለ ቢቆይ የ1719ን ጉዳት ራሱ ይመሰክር ነበር» አለ። ሌላው «ደማቸውን ያፈሰሱለትን ቤት ማቆም መብታቸው ነው» ሲል ሞገተ። ድምፅ ሲሰጥ የመጀመሪያው ቡድን አሸነፈ። እኔ ግን ከተሸነፉት ጋር ነኝ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ለወደቁት ማክሬዎች መታሰቢያ የቆመው እዚያው ግንቡ አጠገብ ስለሆነ፣ ቦታው ለዘሮቻቸው ሕያው ቤት እንጂ ያለፈ ነገር አይመስለኝም።

በወላጆች ቀን የታየው የካርቶን ሞዴል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ቀጣዩ ርዕሳችን ከስኮትላንድ ደጋማ ምድር በበግ እርባታ ምክንያት የተፈናቀሉት ገበሬዎች ናቸው፤ ምዝገባው በመስከረም ይጀመራል።