የባቡር ስም ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ የቃላት ምንጭ የአንድን ሕዝብ ባህል ያሳያል ይላል። በሐሳቡ እስማማለሁ። ምንጩን ብቻ አይቶ መደምደሙ ግን ችኮላ ነው።

እስቲ ጋራዥ ግቡ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ የመኪና ዕቃ ስሞች ናቸው። ይህ ሙያው በማን በኩል እንደገባ ይነግረናል። ስለ ጠባያችን ግን ምንም አይልም።

ደግሞም ቃል አገር ከገባ በኋላ አርፎ አይቀመጥም። «ባቡር»ን እንይ። ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው። ፈረንሳይኞች ቫፐር ይሉታል። ቱርኮች ቫፑር ብለው ለእንፋሎት መርከብ ስም አደረጉት። ዓረብኛ «ቨ» እና «ፐ» ስለሌሉት ባቡር አለው። እኛ ዘንድ ሲደርስ በሐዲድ ለሚሄደው ሆነ። በገጠር ደግሞ የሞተር ወፍጮውም ባቡር ተባለ። እኔ በልጅነቴ «ባቡር ቤት ሂድ» ስባል እህል ተሸክሜ ነበር እንጂ ወደ ጅቡቲ ልሳፈር አልነበረም! ዛሬ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እንፋሎቱ ጠፋ፤ ስሙ ቀረ። ምንጩን ብቻ የሚያይ ሰው ወፍጮ ቤቱን አያገኘውም። ለእኔ ባህሉ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ስለዚህ ሳምንታዊ ዓምድ ብትከፍቱ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቃል ይመረጥ። ከየት እንደመጣና ዛሬ በየአካባቢው ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍ። ከምሁራን ጎን መካኒኮችና የወፍጮ ቤት ሰዎችም ይጠየቁ። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የቀረበ ነገር ካለ «ግምት» የሚል ይጻፍበት።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ