ቤቱን ከማስረከብሽ በፊት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰዓዳ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? እማስ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ሥራ አግኝተሽ ደሴ ሆጤ ያለውን የኪራይ ቤት ልትለቂ መሆኑን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አከራይሽ እትዬ ዘሀራ የቀረውን ቅድሚያ ክፍያ የሚመልሱልሽ ቤቱን ዞረው ካዩ በኋላ ነው ስላልሽኝ፣ ሳትዘጋጂ እንዳትቀርቢ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

በእንዲህ ያለ ቀን ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ተከራይ ሲገባ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር የጻፈ ሰው ስለሌለ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ሲገቡ እያንዳንዱ ክፍል ከነጭረቱ ይመዘገባል፣ ሲወጡም ያው ወረቀት ተይዞ ይታያል። መያዣውንም ቢሆን አከራዩ በ30 ቀን ውስጥ በሕግ የታወቀ አስቀማጭ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። አንቺ የመግቢያ ወረቀት ስለሌለሽ ከመውጫሽ 2 ሳምንት አስቀድመሽ እትዬን ቡና ጥሪና ቤቱን አብራችሁ እዩት። በጠዋት ይሁን፣ በመብራት የታየ ግድግዳ ያታልላል። ያኔ የተገኘውን ጉድለት ራስሽ ታስጠግኚዋለሽ፤ በመጨረሻው ቀን የተገኘ ግን ከብርሽ ላይ ይቆረጣል።

ደሴ ላይ ዋናው ጣጣ ርጥበት ነው። ክረምቱን ጉም የጦሳን ተራራ ሲያለብሰው ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ ከዚያ ሻጋታ ይመጣል። መንስኤው አንድ ስላልሆነ ለይተሽ እወቂው። ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ካለ ቆርቆሮው እያፈሰሰ ነው፤ ያ የባለቤቱ ጥገና ነው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ 1 ሜትር ድረስ ቀለሙ የሚላጥና ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው፣ እሱም ያንቺ አይደለም። ከአልጋና ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ማዕዘን ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ግን የትንፋሽና የድስት እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚመጣ ነው። ካላረጋገጥሽ እጅ የሚያህል ነጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊና 2 ቀን ተዪው። በክፍሉ በኩል ያለው ፊቱ ከረጠበ እንፋሎት ነው፤ በግድግዳው በኩል ከረጠበ ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

የእንፋሎቱን ሻጋታ ራስሽ አጽጂው፣ በዚህ መከራከር ተገቢ አይመስለኝም። 1 ኩባያ በረኪና በ10 ኩባያ ውሃ በጥብጪ፣ ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ቀብተሽ 15 ደቂቃ ካቆየሽ በኋላ አጥበሽ አድርቂው። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሳይደርቅ ቀለም ከቀባሽበት ሻጋታው ቀለሙን ሰብሮ ይወጣል።

ምስማሮቹን በጉልበት አትንቀዪ፣ የጭቃ ቤት ልስን አብሮ ይረግፋል። ከመዶሻው ሥር ጣውላ አድርጊና በዝግታ አዙረሽ አውጪ። ቀዳዳውን በስቱኮ በ2 ዙር ሙዪው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪው። ሲሚንቶ አይሆንም፤ ከጭቃው ስለሚጠነክር አብሮት አይያዝም፣ ተሰንጥቆ ይወድቃል። ቀለምም ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ከቀባሽ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ወይ አንዱን ግድግዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቅቢው ወይ እንዳለ ተዪው። በብዙ ዓመት መኖር የደበዘዘ ቀለምና የተፋቀ ሊሾ ብልሽት አይባልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በማርጀት የመጣውን ጥገና ተከራይ ላይ አይጭንም። ይህን ለእትዬ በትሕትና አስረጃቸው።

ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ በመውጫሽ ቀን ንባቡን አብራችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሺው። የውሃው ቢል ስትወጪ ገና ስለማይደርስ ባለፉት ወራት ልክ ተስማሙና በዚያው ዝጉት፤ «ሲመጣ እንተሳሰባለን» የሚባለው ነገር ነው ብር ይዞ የሚያስቀረው።

አይሱዙው ዕቃሽን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ከመጀመሩ በፊት ባዶውን ቤት አሳዪ። ጋሽ ይመር ምስክር ሆነው ይቁሙልሽ። ቧንቧውን ሁሉ ክፈቺ፣ ማብሪያውን ሁሉ አብሪ፣ ሶኬቶቹን በስልክ ቻርጀር ሞክሪ። የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ከበሩ ላይ ቆመሽ አንሺ፣ ጭረት ካለ አጠገቡ ሳንቲም ይዘሽ መጠኑ እንዲታወቅ አድርጊ፣ በዚያኑ ቀን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል። የቤቱን ሁኔታ፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፉን ብዛት ከነግቢው በር፣ የሚመለሰውንም ብር በ2 ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ራስሽ ያስቀረጽሽውንም ቁልፍ አትርሺ። ቁልፉን የምትሰጪው ብሩን ስትቀበይ ነው፤ በባንክ ከሆነ ገቢ መሆኑን ካየሽ በኋላ።

እማን ሳሚልኝ፣ ጋሽ ይመርንም ሰላም በያቸው። የስቱኮውንና የቀለሙን ወጪ ንገሪኝና እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ ሰይድ