ምግብ ካልቀረበ ኪኒኑም ይቆይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጤና አምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። በቅርቡ ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁት ጽሑፍም ጠቃሚ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። «የስኳር መድኃኒት በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ መወሰድ አለበት» ይላል። ለብዙዎቹ መድኃኒቶች እውነት ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ የሚያሻቅበውን ስኳር ለመቆጣጠር ለሚታዘዙት ግን ይህ ምክር አይሠራም። አንዳንዱን ሰውማ ለአደጋ ያጋልጠዋል።

የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። የዚህ ምክር ውጤት መድኃኒት ስሰጥ በየጊዜው ስለሚያጋጥመኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንም ሰው ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። ጤነኛ ቆሽት ወዲያው ኢንሱሊን ይለቅና ይመልሰዋል። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቆሽት ግን ይዘገያል፤ የሚያመነጨውም አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆዱ ሲለካ ደህና የሆነ ሰው፣ ከበላ በኋላ ቢለካ ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች የሚይዙት ግብ፣ መብላት ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች እንዲሆን ነው። ለአረጋዊ ወይም ለነፍሰ ጡር ግቡ ሊለይ ይችላል፤ እሱን ሐኪሙ ይወስናል።

ለዚህ ከሚታዘዙት መካከል ሪፓግሊናይድና ናቴግሊናይድ ይገኙበታል። ሁለቱም ቆሽትን ቀስቅሰው ኢንሱሊን ያስለቅቃሉ። ቶሎ ይጀምራሉ፣ ቶሎም ይለቃሉ። ሪፓግሊናይድ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። የተሠራው አንድን ገበታ እንዲሸፍን ነው። የሚወሰደውም ለመብላት 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀር ነው። ኪኒኑ ተውጦ ምግቡ ከቀረ ኢንሱሊኑ ይመጣል፣ የሚያስገባው ስኳር ግን የለም። ያኔ የሰውየው ስኳር ይወርዳል። ስለዚህ ምግብ የዘለለ ሰው የዚያን ገበታ ኪኒን ይዘለዋል። በሚቀጥለው ጊዜም ለማካካስ ብሎ ሁለት አይውጥም።

አንድ አባት የሪፓግሊናይድ ማዘዣ ይዘው መጡ። የድሮውን ፓኬት ከኪሳቸው አወጡት። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለም።

«አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው።

«ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። አንድም ቀን አላዛነፍኩም።»

«ምሳስ ስንት ሰዓት ይበላሉ?»

«ምሳማ ሲርበኝ ነው ልጄ። አንዳንዴ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አንዳንዴም እተወዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥና ላብ እንደሚያጠምቃቸው የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። እርጅና መስሏቸው ነበር። እኚህ ሰው ያጠፉት ነገር የለም። የተነገራቸውን አንድ ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። የጎደለው ፓኬቱ ላይ ሳይጻፍ የቀረው ነው።

ሌላው አካርቦስ ነው። ይኼ ቆሽትን አይነካም። ሥራው አንጀት ውስጥ ነው። ስታርችን (በእንጀራና በዳቦ ውስጥ ያለውን) እና ስኳርን ሰብረው ለደም የሚያዘጋጁ ኢንዛይሞች አሉ፤ አካርቦስ እነሱን ያዘገያል። ስኳሩ በአንድ ጊዜ ከመግባት ይልቅ ቀስ እያለ ይገባል። ይህ እንዲሆን መድኃኒቱና ምግቡ አንጀት ውስጥ መገናኘት አለባቸው። የሚወሰደውም ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው። ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ውይ፣ ረስቼው» ብሎ መዋጥ እምብዛም አይጠቅምም።

ብዙ ሰው አካርቦስን የሚያቆመው በሆድ ምክንያት ነው። ሳይፈጭ ያለፈው ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይበዛል፣ ተቅማጥም ሊኖር ይችላል። ሰው ይህን ለሐኪም መናገር ያፍራል። አፍሮ ዝም ብሎ ያቆማል። ከዚያ ለቀጠሮ ሲመጣ ስኳሩ ለምን እንደጨመረ የሚያውቅ የለም። ቢናገር ኖሮ ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ አድርጎ በትንሽ በትንሹ ያሳድግለት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጀመረውም በ25 ወይም በ50 ሚሊግራም ነው። ሆዱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል። የአንጀት ቁስለት፣ የአንጀት መዘጋት ወይም የጉበት ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር) ያለበት ሰው ግን ከነጭራሹ ሊወስደው አይገባም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አካርቦስ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚወስደው ከኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ካሉ ኪኒኖች ጋር ነው። እነዚያ ያወርዳሉ። ስኳር ሲወርድ ላብ ይመጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ አንዳንዱ ሰው ግራ ይጋባል ወይም ይነጫነጫል። ቤተሰብ ተሯሩጦ የሚያነሳው የወጥ ቤቱን ስኳር ነው። ውሃ ውስጥ በጥብጦ ይሰጠዋል። ለሌላ ሕመምተኛ ትክክል ነው። አካርቦስ ለሚወስድ ሰው ግን ያ ስኳር በጊዜ አይደርስለትም። ምክንያቱም የወጥ ቤት ስኳር ደም ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንጀት ውስጥ ለሁለት መሰበር አለበት፤ የሚሰብረውን ኢንዛይም ደግሞ አካርቦስ ይዞታል። ለስላሳ መጠጥም በዚሁ ስኳር ከጣፈጠ ያው ነው።

የሚያስፈልገው ንጹሕ ግሉኮስ ነው። በኪኒን፣ በዱቄት ወይም በጄል መልክ ይገኛል። ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ግሉኮስ ይሰጣል፤ 15 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካል፤ ካልተነሳ ይደገማል። ግሉኮስ በእጅ ከሌለ ያለውን ሰጥቶ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም፤ ይታነቃል። ይህን ማወቅ ያለበት ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ሲወርድ ማሰብ የሚከብደው እሱ ነውና። አብሮት የሚኖረው፣ አብሮት የሚሠራው ሰው ይወቀው። ግሉኮሱም ሲፈለግ ቶሎ የሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

ሌሎች መድኃኒቶችም ነገሩን ያወሳስቡታል። የደም ቅባት ለመቀነስ የሚሰጠው ጄምፋይብሮዚል ከሪፓግሊናይድ ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ በደም ውስጥ ያለውን የሪፓግሊናይድ መጠን እጅግ ከፍ ያደርገዋል። ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ክሎፒዶግሬልም ይጨምረዋል። ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች ጋ የሚታከም ሰው የሚወስደውን ሁሉ ይዞ ይምጣ፤ በስም ከመናገር ፓኬቱን ማሳየት ይሻላል። የአካርቦስ ኪኒን ደግሞ እርጥበት አይወድም። ለሳምንት ብሎ ከሽፋኑ አውጥቶ መደርደር ያበላሸዋል፤ የሚወጣው ሊዋጥ ሲል ነው።

ከእናንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ስለ ስኳር መድኃኒት ስትጽፉ «የስኳር መድኃኒት» ብላችሁ በጅምላ አትለፉ፤ የመድኃኒቱን ስም ጥቀሱ፣ ከምግብ ጋር ያለውንም ግንኙነት ጻፉ። ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ ይህን አድርሱልኝ፦ ፓኬቱ ላይ «1×3» ብለን አንተው። «ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር» ወይም «ከመብላትዎ በፊት፣ ካልበሉ አይውሰዱ» ብለን እንጻፍ። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ደብዳቤዬ ረዝሞ ለቦታ ሲባል ብታሳጥሩት እንኳ የሚከተለውን አትቁረጡብኝ። ይህ የጻፍኩት በስም ለጠቀስኳቸው ለሪፓግሊናይድ፣ ለናቴግሊናይድና ለአካርቦስ ብቻ ነው። ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ስለዘለለ ብቻ መርፌውን በራሱ ፈቃድ አይተው። ሜትፎርሚንም ሆነ ሌላ ኪኒን የሚወስድ ሰው ይህን አንብቦ አወሳሰዱን አይቀይር። የትኛውን እንደሚወስድ ያላወቀ ሰው ፓኬቱን ይዞ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ ፋርማሲ ይሂድና «ይኼ ከምግብ ጋር እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ