አካፋ ይዞ የሮጠውን ሰው ማን ያሳክመው?

ለ፦ በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን
ግልባጭ፦ ለሲዳማ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ ከአደጋ ለተረፉና በነፍስ አድን ሥራ ላይ ለተጎዱ ሰዎች የረጅም ጊዜ ሕክምና በጀት እንዲያዝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን መሥሪያ ቤታችሁ በሚገባ ያውቀዋል። ከባድ ዝናብ ያናደው አፈር ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ሲቀብር፣ ጎረቤቱ አካፋና ዶማ ይዞ፣ ያጣውም በባዶ እጁ ሊቆፍር ወጣ። ፖሊሶች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የአካባቢው ሹማምንትም አብረውት ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው ካለቀበት ከዚያ አደጋ ሟቾች ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ነበሩ። አገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጃ አለቀሰችላቸው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ ሟቾቹ አይደለም። ለሞት ሥርዓት አለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ለሐዘንተኛው ቡናና ምግብ ይቀርባል። ሥርዓት ያላበጀንለት በሕይወት የወጣው ነው። እድር የተሠራው ለቀብር ስለሆነ ለሰባት ዓመት ሕመም የሚሆን አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። «ለወገን ደራሽ ወገን ነው» እንላለን፤ ደራሹ ራሱ በወደቀ ጊዜ ግን ለእርሱ የሚደርሰው ማን እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ ብፈልግ አላገኘሁም።

ታናሽ ወንድሜ የጎፋ ሰው አይደለም፤ የእርሱ ነገር ዜናም አልሆነም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በክረምት፣ ዝናብ ያራሰው የጭቃ ግድግዳ በጎረቤቶቹ ላይ ተደርምሶ «ድረሱልን» የሚል ጩኸት ሲሰማ ሮጦ ገባ። አንዲት እናትና ልጇን አውጥቶ ለሌላው ሲመለስ የቀረው ግድግዳ ጀርባው ላይ ወደቀ። በዚያ ቀን የተቀበሉት ሐኪሞችና ነርሶች የሚችሉትን ሁሉ አድርገውለታል፤ እኔም ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ስለሆንኩ ይህን በደንብ አይቻለሁና አላማርርም። የከበደን አርባኛው ቀን፣ ከዚያም ሦስተኛው ዓመት ነው። ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው ሽንቱን የሚያስወጣው በካቴተር ነው፤ ካቴተሩ በወቅቱ ካልተቀየረ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ በየተወሰነ ሰዓት የሚያገላብጠው ሰው ከሌለ የአልጋ ቁስል ይይዘዋል፤ ቁስሉ አንዴ አጥንት ከደረሰ በወራትም አይድንም። ጓንቱ፣ ፋሻው፣ ካቴተሩና መድኃኒቱ በአብዛኛው «የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚባሉ ናቸው። የጤና መድን ደብተር አለን፤ መዋጮውንም በየዓመቱ እንከፍላለን። ሆኖም ወደ ስፔሻሊስት ለመድረስ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍ ያስፈልጋል፤ የሪፈሩ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ እንደገና ከታች ይጀመራል። አንድ ጊዜ ወረቀቱን ላሳድስለት ብቻዬን በሄድኩበት መስኮት «በሽተኛው ራሱ ይምጣ» ተባልኩ። መቆም የማይችል ሰው፣ መቆም እንደማይችል ቆሞ እንዲያስረዳ ማለት ነው። በባጃጅ ተሸክመን ወሰድነው። ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ ማኅተሙን መታልን፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የተሰጠው መመሪያ እንዲህ ያለ በሽተኛ መኖሩን ስለማያውቅ ነው። ወንድሜ ነርስ እኅት ባትኖረው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

አደጋ ከሚያስከትለው ጉዳት ብዙው በመጀመሪያው ቀን አይታይም። እግሩ ለሰዓታት በድንጋይ ተጭኖ የቆየ ሰው ሲወጣ «ተረፈ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የሚለቀቀው ነገር ወደ ደም ገብቶ ኩላሊቱን ሊያበላሸው ስለሚችል፣ ድንጋዩ ከተነሣ በኋላም ክትትል ያስፈልገዋል። እግሩ የተቆረጠ አዋቂ ሰው ሠራሽ እግሩን በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ ስለሚያድግ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ መቀየር ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት የተበረከተ ሰው ሠራሽ እግር ለስምንት ዓመት ልጅ ከዓመት ያለፈ ስጦታ አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚደበቀው የአእምሮ ቁስል ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በክልላችን በቦና ዙሪያ ወረዳ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ቢያንስ 71 ሰዎች ሲሞቱ፣ አስከሬን ሲያወጡ የዋሉት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን ያለፈበት ሰው ከወራት በኋላ እንቅልፍ ሲያጣ፣ የውኃ ድምፅ ሲያስደነግጠው፣ ከሰው ሲሸሽ «ምን ነካው?» ይባላል እንጂ ሕክምና እንደሚያስፈልገው የሚነግረው የለም። ጠበሉንም አልቃወምም፤ ከጠበሉ ጎን የሚቀመጥ የሠለጠነ ባለሙያ ግን ያስፈልጋል።

ሕጉን በሚገባኝ መጠን አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የተጎዳን ሠራተኛ ሕክምና በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ አካፋ ይዞ የሮጠው ጎረቤት ግን አሠሪ የለውም። የተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና የፈቀደው እስከ 2,000 ብር ነበር። የገንዘቡ መጠን ከፍ ቢል እንኳ አስተሳሰቡ ያው ነው፤ ደሙን ማቆም እንጂ ዓመታቱን መሸፈን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በእኔ አስተያየት ይህች አገር ከሠራቻቸው መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። ሆኖም የታሰበው ለወባ፣ ለሳንባ ምች፣ ለወሊድ፣ ማለትም ታክሞ ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ካቴተር ለሚያስፈልገው ሰው የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። ጃፓን ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፉትን የሚያሳክም ሕግ ያወጣችው ቦምቡ ከተጣለ ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። በዚያ ሕግ እኔን የሚስበኝ ነገር ለተጎጂው የሚሰጠው ደብተር ነው። ደብተሩን የሚያገኘው ፍንዳታው ያገኘው ሰው ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦምቡ ወደተጣለባት ከተማ መካከል የገባ፣ ቁስለኛ ያስታመመ ወይም አስከሬን ያነሣ ሰውም ያገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ኒው ዮርክ ላይ መንትያዎቹን ሕንፃዎች ባፈረሰው ጥቃት በዕለቱ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞቿን አጥታለች። ከአቧራውና ከጭሱ በመጣ ሕመም የሞቱት ሠራተኞች ቁጥር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ያንኑ 343 ደረሰ፤ ከሕንፃው መውደቅ ያላነሰ ሰው ከሕንፃው አቧራ ሞተ ማለት ነው። በቦታው ከሠራ በኋላ ታምሞ በሞተው ፖሊስ በዛድሮጋ ስም የሚጠራው የሕክምና ሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2011፣ ከዘጠኝ ዓመት ሙግት በኋላ ሲሆን፣ በ2015 እስከ 2090 እንዲቆይ ተራዝሟል። የአሜሪካን ያህል ገንዘብ እንደሌለን አውቃለሁ። ከእነርሱ የምንወስደው ገንዘቡን ሳይሆን ማን እዚያ እንደነበረ መመዝገባቸውን ነው።

የምጠይቀውም ከሁሉ በፊት ይህንኑ ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር የሟቾች ስም ዝርዝር ይዘጋጃል፤ የተጎዱትና ያዳኑትም ስም በዚያው ሳምንት በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብና እያንዳንዳቸው የሪፈር ሰንሰለቱን ሳይጠብቁ በሚመለከተው ሆስፒታል የሚታዩበት ደብተር እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። ማስረጃ የሚሆነውም የቀበሌ ምስክርነትና የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ እንጂ የቅጥር ደብዳቤ መሆን የለበትም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ብዙ ሲነገርለት የቆየው የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ከእህልና ከድንኳን ባሻገር ለእነዚህ ሰዎች ተከታታይ ሕክምና፣ ለሰው ሠራሽ አካል፣ ለዊልቸርና ለአእምሮ ሕክምና የተወሰነ ድርሻ በስሙ ተለይቶ እንዲያዝለት ኮሚሽኑና ሚኒስቴሩ በጋራ ይወስኑ። በስሙ ተለይቶ ያልተያዘ ገንዘብ በሚቀጥለው ድርቅ እንደሚወሰድ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ፤ ወሳጆቹም ጥፋተኛ አይደሉም፣ የሚራብ ሰው ፊታቸው ቆሟልና።

የእናቶች ሞትና ወባ እያሉ ለጥቂት ሰዎች የዕድሜ ልክ ሕክምና መመደብ ቅንጦት ነው የሚል ባለሙያ በመካከላችሁ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ክርክሩ ክብደት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ከሆኑ ወጪው የሚያስፈራ አይደለም፤ ብዙ ከሆኑም ዛሬ ስንት እንደሆኑ አለማወቃችን ራሱ የሚያሳፍር ነው። ከዚህም በላይ ከባድ ማሽን ተራራው ጫፍ እስኪደርስ ድረስ በዚህች አገር የነፍስ አድን ሠራተኛው ጎረቤት ነው። ይህን ሠራተኛ መንግሥት በደመወዝ ቢቀጥረው ኖሮ የሚያወጣውን ወጪ ያስቡት።

መዝገቡ በሲዳማ ክልል በሙከራ እንዲጀመር ከተፈቀደ፣ እኔና ሁለት ጡረታ የወጡ የሥራ ባልደረቦቼ በየወረዳው እየዞርን ስም ለመጻፍ ፈቃደኞች ነን። ክፍያ አንጠይቅም፤ የምንፈልገው መጓጓዣና የጤና ቢሮው ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እንዳንመላለስም ደብዳቤው ከየትኛው ክፍል እንደሚወጣ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በሀዋሳ ከተማ የታቦር ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ